«ምክትል ብቻ» ስለተባለው ሰው

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ዊልያም ሄንሪ ሉዊስ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የዚህ ሰው ስም በቋንቋችን ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ቅር አለኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ጸሐፊው ሰውየውን በሁለት አንቀጽ አስተዋወቁንና በቀሩት አንቀጾች አሳንሰው ሸኙት።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሉዊስ በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሃርቫርድ ዘር የማይጠየቅበት ቦታ ስለነበር ብዙም አልተቸገረም። የሚጫወትበት ቦታ ቀላል ነበር። ከአገሪቱ ምርጦች ተርታ የገባው በሃርቫርድ ስም ነው። አሰልጣኝነቱም «ምክትል ብቻ» ስለነበር የሚወራለት አይደለም። ኋላ ያገኘው ሹመት ደግሞ የፖለቲካ ውለታ ነው። ስድስት ነጥብ መሆኑ ነው። በመጨረሻዋ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ሌሎቹን አልቀበልም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስል ደግሞ አሜሪካኖቹ እንደ እንቁላል በሞለለ ኳስ የሚጫወቱትን እንጂ የኛን እግር ኳስ አይደለም። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጨዋታውን የተማርኩት በልጄ ምክንያት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ሴንተር ሆኖ ይጫወታል፤ እኔም አርብ ማታ በብርድ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይ ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለ ሉዊስ ያነበብኩትም ልጄ ከሚጫወትበት ቦታ ላይ ማን ማን ነበር ብዬ ስፈልግ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቅርብ ነው።

«የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች» ከሚለው እንጀምር። ይህ ውዳሴ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሉዊስ አምኸርስት ኮሌጅ ሲጫወት እዚያው ቡድን ውስጥ ዊልያም ጃክሰን የሚባል ሌላ ጥቁር ተማሪ ነበር። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም በ1890 ጆርጅ ጁዌት ይጫወት ነበር። ሉዊስ የመጀመሪያ የሆነው በሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ የአገሪቱ ምርጥ 11 ተጫዋቾች ተመርጠው ኦል አሜሪካን ይባላሉ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው፣ በ1892 እና በ1893፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ። ያልሠራውን ከሰጠነው የሠራውንም የሚያምነን አናገኝም። እነ ጃክሰንና ጁዌትንም መርሳት ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ ሃርቫርድ ዘር የማይጠየቅበት ነበር የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰውየውን መነሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። እኔ ትንሽ ልቆይበት።

ሉዊስ የተወለደው ኅዳር 28 ቀን 1868 ቨርጂኒያ ውስጥ በርክሊ በምትባል፣ ዛሬ የኖርፎክ ከተማ አካል በሆነች ቦታ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቱም አባቱም ባሪያ ሆነው የኖሩ ሰዎች ናቸው። አባቱ ኋላ ሰባኪ ሆነ። ልጁ በ15 ዓመቱ እዚያው ቨርጂኒያ ጥቁሮች ወደሚማሩበት፣ ዛሬ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ተቋም ገባ። የተቋሙ ፕሬዚዳንት ጆን ሜርሰር ላንግስተን ነበሩ። እኒህ ሰው ናቸው የልጁን አእምሮ አይተው ወደ ሰሜን፣ ማሳቹሴትስ ወዳለው አምኸርስት ኮሌጅ እንዲሄድ የረዱት። አምኸርስት በ1891 የፉትቦል ቡድኑ አምበል አደረገው። በ1892 ሲመረቅ የክፍሉ ተናጋሪ ሆኖ ተመረጠ። ያን ዕለት ከታዳሚዎቹ አንዱ ያኔ ሃርቫርድ ይማር የነበረው፣ ኋላ ስመ ጥር የጥቁሮች ምሁርና ታጋይ የሆነው ዱቦይስ ነበር፤ ጥቁር ተማሪዎች ሲመረቁ ለማየት ነው የመጣው። አስቡት፣ አንድ ምረቃ ለማየት ከሌላ ከተማ ድረስ የሚኬደው ነገሩ ብርቅ ሲሆን ነው።

ከዚያ ሉዊስ ወደ ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ገባ። አሁን «አልተቸገረም» ወደተባለው እንምጣ። ተማሪ እያለ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኬምብሪጅ ከተማ አንድ ፀጉር ቤት ገብቶ አናስተናግድህም ተባለ። በጨዋታ ቀን ሕዝቡ ስሙን እየጠራ የሚጮህለት ሰው ነው። በሳምንቱ መሐል ግን ጺሙን የሚላጭለት አጣ። እሱም ዝም ብሎ አልሄደም። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጉዳዩን ወደ ክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ወሰደው። በ1893 ማሳቹሴትስ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች መድልዎን የሚከለክለውን ሕጓን አሻሽላ ፀጉር ቤቶችን ጨመረችበት። ገና ተማሪ ነው እንግዲህ፣ የምሥክር ወረቀቱን እንኳ አልያዘም። ዘር የማይጠየቅበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሕግ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ሃርቫርድ ከብዙ ቦታ ይሻል ነበር ቢሉኝ አልከራከርም። በ1893 የመጨረሻው ጨዋታ ላይ የቡድኑ አምበል ተጎድቶ ሲቀር ጓደኞቹ ሉዊስን በምርጫ የዕለቱ አምበል አድርገውታል። የሃርቫርድ ቡድን ጥቁር አምበል ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ ናቸው፣ ፀጉር ቤቱም አምበልነቱም። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ነው የነገሩን።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «የሚጫወትበት ቦታ ቀላል ነው፤ ኳሱን ወደ ኋላ ማቀበል ብቻ ነው» የሚለው፣ እንደ ሴንተር አባት በጣም ያስቆጣኝ እሱ ነው። እስኪ ልንገራችሁ።

ሴንተር መሐል ላይ ያለው ሰው ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ የሚጀምረው ከእሱ እጅ ነው። ኳሱን ወደ ኋላ ሲያቀብል ፊት ለፊቱ ያለው ተጋጣሚ አንገቱ ሥር ደርሷል። እጁ ሥራ ይዟል፣ ዓይኑ ወደ ኋላ ማየት አይችልም፣ ተጋጣሚው ግን ነጻ ነው። ስለዚህ አቀብሎ ቀና እስኪል ያለችው ቅጽበት ናት ሴንተርን ሴንተር የምታደርገው። ዛሬም እንዲህ ነው። በሉዊስ ዘመን ደግሞ ነገሩ ከዚህ በብዙ የባሰ ነበር። ኳስ ወደ ፊት መወርወር እስከ 1906 ድረስ ክልክል ነው። አንድ ቡድን በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ መግፋት አለበት፤ ካልገፋ ኳሱን ያጣል። አምስት ያርድ እንግዲህ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ናት። ይህችን ለማግኘት ሁሉም ተጠቃቅቶ፣ ተቃቅፎ፣ በአንድ ላይ መሐሉን ይገፋል። መሐሉ ላይ ያለው ማን ነው? ሴንተሩ። ጨዋታው 45 ደቂቃ እያለ ሁለት ጊዜ ነው። ማጥቃትም መከላከልም ያው ሰው ነው። ከሜዳ የወጣ ተመልሶ አይገባም። የዛሬው ዓይነት የራስ ቁር የለም።

በዚህ ላይ ሉዊስ ትልቅ ሰው አልነበረም። ክብደቱ 175 ፓውንድ ነው፣ ወደ 79 ኪሎ። ለቦታው ቀላል ነው። ልጄ ገና በ16 ዓመቱ ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ እንዴት ቻለ? በፍጥነቱ። ከእሱ በፊት ሴንተር ማለት እንደ ግንብ የሚቆም ወፍራም ሰው ነበር። ሉዊስ አቀብሎ ተጋጣሚው ሳይነቃ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲከላከልም ባለበት ከመቆም ኳሱ ወደሄደበት ይሮጥ ነበር። የቦታውን ትርጉም ለወጠው ማለት ነው።

በ1892 ሃርቫርድ ከተቀናቃኙ ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ስፕሪንግፊልድ ከተማ ላይ ባደረገው ጨዋታ ነው ያ ታዋቂው «የሚበር ሽብልቅ» የወጣው። ፍልስፍናው ቀላል ነው። ከሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ከሩቅ እየሮጡ መጥተው አንድ ላይ ሲገጥሙ እንደ ሽብልቅ ሹል ይሆናሉ፤ ኳስ የያዘው ከውስጥ ተደብቆ ይሮጣል። የነደፈው ሎሪን ዴላንድ የሚባል ቼዝ ወዳድ ነው፤ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ሉዊስ የዚያ ቡድን ሴንተር ነበር። ሽብልቁ ጥሩ ርቀት ቢያስኬዳቸውም ጨዋታውን ዬል 6 ለ 0 አሸነፈ። ዘዴው ሰው የሚያጎዳ ስለሆነ በ1894 ታገደ። ይህን የማነሳው ለጨዋታው ታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም። «ቀላል ቦታ» የተባለው ሰው የቆመው ሰዎች እንዲህ እየሮጡ በሚላተሙበት ሜዳ መሐል ላይ መሆኑን እንድታዩልኝ ነው።

አራተኛው፣ ምርጫው ለሃርቫርድ ስም ነው የሚለው፣ ቶሎ ያልቃል። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያኔ ዝርዝሩን ይሞሉት እንደነበር እውነት ነው። ጨዋታውም የሚመራው ከእነሱ ነበር። ነገር ግን በ1900 ዋልተር ካምፕ ከዚያ በፊት ከተጫወቱት ሁሉ ምርጦቹን ሲመርጥ ለሴንተር ቦታ የጻፈው ሉዊስን ነው። ካምፕ የዬል ሰው ነው። ዬል ተጫውቶ፣ ዬል አሰልጥኖ፣ የጨዋታውን ደንብ ከሠሩት ዋናው የሆነ ሰው። ዬልና ሃርቫርድ ማለት እንደኛዎቹ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው። የጊዮርጊስ ሰው የቡናን ተጫዋች የምንጊዜም ምርጥ ካለ ለስሙ ብሎ ነው ትላላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ምክትል ብቻ»።

ሉዊስ የሕግ ትምህርቱን በ1895 ጨረሰ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ በአሰልጣኝነት ያዘው። እስከ 1906 ቆየ። የመስመሩን፣ ማለትም ሴንተሩንና በግራ ቀኙ ያሉትን ከባድ ሰዎች ነበር የሚያሠለጥነው። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። «ስለዚህ አሰልጣኝ አይባልም» ሲሉ ነው የምንለያየው።

በመጀመሪያ፣ በዚያ ዘመን ሃርቫርድ ዋና አሰልጣኝ ማለት ምን ነበር? ብዙውን ጊዜ በቅርቡ የተመረቀ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ መኸሩን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ መዋል የሚችል ሰው። በ1897 እና በ1898 ያሠለጠነውን ካሜሮን ፎርብስን ውሰዱ። የቦስተን ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ኋላ ፊሊፒንስን በገዢነት ያስተዳደረ። ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። የ1898 ቡድኑ 11 ተጫውቶ 11 አሸንፏል። ከዚያ እሱ ሄደ፣ ሌላ መጣ። ያም ሄደ፣ ሌላ መጣ። በ1901 ቢል ሪድ መጥቶ 12 ጨዋታ በሙሉ አሸንፎ ሄደ። ከእሱ በኋላ በሦስት ዓመት ሦስት ሰው ተፈራረቀ። በ1905 ሪድ እንደገና ተመለሰ፣ አሁን ግን በ7,000 ዶላር ደመወዝ፤ ያኔ የትኛውም የሃርቫርድ ፕሮፌሰር የማያገኘው ገንዘብ ነው። በእነዚህ ሁሉ መመላለሶች መሐል ከሜዳው ያልጠፋው ማን ነው? ሉዊስ። በ12 ዓመቱ ውስጥ ቡድኑ ከ110 በላይ ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው ከ20 ያነሰ ነው። ይህ ሁሉ የእሱ ብቻ ነው አልልም። ግን ዋናዎቹ እንደ እንግዳ እየገቡ ሲወጡ ትምህርቱን ከዓመት ዓመት ይዞ የሚያስተላልፈው ቤት ጠባቂው እሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ኳስ ወደ ፊት በማይወረወርበት ጨዋታ መስመሩን የሚያሠለጥን ሰው ጨዋታውን ያሠለጥናል። ሌላ ምን ቀረ? ዛሬም እንኳ እንዲህ ነው። ልጄ ማታ ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ዋናው አሰልጣኝ አይደለም። ስለ መስመር አሰልጣኙ ነው። እግርህን እንዲህ አድርግ ያለው፣ ትከሻህን ዝቅ ያለው፣ ሲወድቅ ያነሳው፣ ክፍል ውስጥ ውጤቱ ሲወርድ ለእኔ የደወለልኝ እሱ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ሰላም ተባብለናል።

ሦስተኛ፣ ሉዊስ መጽሐፍ ጽፏል። ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አላነሱም፣ ምናልባት አልደረሱበትም። በ1896 «የኮሌጅ ፉትቦል መጀመሪያ መማሪያ» ልንለው የምንችል መጽሐፉ በኒውዮርኩ ትልቅ አሳታሚ በሃርፐር ወጣ። ጀማሪን ከመሠረቱ የሚያስተምር ነው፤ ስለ ጨዋታው ቀድመው ከወጡት መጻሕፍት አንዱም ነው። 1896 ለእኛ የዓድዋ ዓመት ናት። በዚያች ዓመት ከባሪያ ወላጆች የተወለደ የ27 ዓመት ሰው ለነጭ ልጆች ጨዋታቸውን በመጽሐፍ ያስተምር ነበር። እዚያው አገር፣ በዚያው ዓመት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭን በባቡር መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈርዷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳነብ የተሰማኝን ለመግለጽ ይቸግረኛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ዋና ሳይሆን ለምን ቀረ? ሰነድ ጠቅሼ ምክንያቱ ይህ ነው ልላችሁ አልችልም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ጸሐፊው የማዕረጉን አለመኖር የችሎታው ማነስ አድርገው ወሰዱት። ማዕረጉ ለማን ይሰጥ እንደነበር አልጠየቁም። ባልተሰጠው ወንበር ስንለካው ሁለተኛ ጊዜ እንከለክለዋለን። ከጽሑፉ ያሳዘነኝ ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ በእርማት የሚቃና ነበር።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ በከፊል እስማማለሁ ብያለሁ። አዎ፣ ሹመቱ ውስጥ ፖለቲካ ነበረበት። ሉዊስ በ1899 የኬምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ በ1902 የማሳቹሴትስ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ። በ1903 በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፍላጎት ቦስተን ላይ ረዳት የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ተደረገ፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። ሩዝቬልት ራሳቸው የሃርቫርድ ምሩቅ፣ የፉትቦል ወዳጅ ናቸው። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የጥቁሮች መሪ ቡከር ዋሽንግተንም ረድቶታል። ሉዊስ ቀድሞ፣ ከነጮች ጋር ከመጋፈጥ በትዕግሥት መሥራት ይሻላል የሚለውን የዋሽንግተንን መንገድ ይቃወም ነበር፤ ኋላ ታርቀው ተቀራረቡ። ይህን የተቹት ጥቁር ምሁራን ነበሩ፣ ትችታቸውም ከንቱ አልነበረም። ጸሐፊው እስከዚህ ቢያቆሙ ዝም እል ነበር።

ግን «ውለታ ብቻ» ማለት የሚቀጥለውን ታሪክ መሰረዝ ነው። በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሊያደርጉት አጩት፤ ሴኔቱ በ1911 አጸደቀው። እስከዚያ ድረስ በፌዴራል አስፈጻሚው መንግሥት አንድ ጥቁር ከያዘው ሥልጣን ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አባል አደረገው። አንዳንድ አባላት ጥቁር መሆኑን ሲያውቁ ይውጣልን አሉ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆርጅ ዊከርሻም ለ4,700 አባላት ደብዳቤ ጽፈው ተከራከሩለት። ሉዊስ ራስህ ልቀቅ ቢባልም አልለቅም አለ። አልለቀቀምም። በመጨረሻ እሱና ሌሎች ሁለት ጥቁር ጠበቆች በአባልነታቸው ጸኑ። ማኅበሩ ግን ከዚያ ወዲያ የሚያመለክት ሁሉ ዘሩን እንዲገልጽ ወሰነ፣ ማለት በሩን ከኋላቸው ዘጋው። በውለታ የገባ ሰው ነገር ሲከብድ ይወጣል፤ ይህ ሰው መሐል ቆሞ ሲገፉት መቆየት የለመደ ነው። በ1913 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሲመጡ ሥልጣኑን ለቆ ቦስተን ተመለሰና እስከ እርጅናው ድረስ በጥብቅና ኖረ። በ1941 የማሳቹሴትስን አንድ ባለሥልጣን ከሥልጣን ለማንሳት በተደረገው ችሎት ጠበቃ ሆኖ ሲቆም ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «የጨዋታው ሰዎች ራሳቸው የማያስታውሱት» ብለውታል። ሉዊስ የሞተው ጥር 1 ቀን 1949 ቦስተን ውስጥ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2009 ነው። 60 ዓመት መዘግየቱ ያናድደኛል። ግን ገብቷል፣ ስሙም እዚያ አለ፣ ስለዚህ ይህች ዓረፍተ ነገር ትታረም። «የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች» የምትለውም አብራት ትታረም። «ምክትል ብቻ» ከሚለው ላይ ደግሞ «ብቻ»ን ያውጡልኝ፤ ምክትል የሚለው ይቆይ፣ እውነት ነው።